ቀድሜ የሰማሁት ዘፈን

ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይስ አሁንም ሱቅህን ከፍተህ ደንበኛ እስኪመጣ ስትስል ነው የምትውለው? የእማዬ ጉልበትስ? ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች ወይስ ደግፋችኋት ነው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅቷ ጥርስ አበቀለች ብለኸኝ ነበር፤ እስካሁን መንከስ ጀምራ ይሆናል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ሙሉ ነው። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ወደ ታች ስታነብ ይገባሃል።

ባለፈው በስልክ «ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ፣ እትዬ ሰዓት ይዛልህ ትመጣለች» ብዬህ ነበር። አላመጣችውም። እሷ ማክሰኞ ጠዋት ሄዳለች፤ ይህን ስታነብ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ከእህቷ ቤት ከገባች ሁለት ሳምንት ያልፋታል። ያንን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። ደህና ነኝ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ይህን የምታመጣልህ ጓደኛዬ እጇን ትንሽ አሟት ነው የምትመለሰው የሚል ነበር። ይኸኛውን በፖስታ ነው የምልከው። እሷ ለምን እንዳላመጣችው ልነግርህ ተቀምጫለሁ። በስልክ የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም፤ በስልክ ብጀምረው እማዬ ከኋላህ ሆና «ምን አለች? ምን አለች?» ትልሃለች፣ አንተም መዋሸት አትችልበትም።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገርህ፤ እስካሁን በደንብ ነግሬህ አላውቅም። እናንተ «ሆቴል ነው የምትሠራው» ትላላችሁ። ሆቴሉን እኔ አይቼው አላውቅም፤ የማየው አንሶላውን ነው። ከሆቴልና ከሆስፒታል በመኪና ተጭኖ የሚመጣ አንሶላ እዚህ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ እርጥቡን ወደ እኛ ወደ መተኮሻው ይመጣል። መተኮሻው እንደ ቤት ካውያ እንዳይመስልህ። ወርዱ ሁለት ሜትር የሆነ፣ እንደ በርሜል የሚዞሩ የጋሉ ብረቶች ያሉት ማሽን ነው፤ ብረቶቹን ሮለር ይሏቸዋል። ሁለት ሴቶች ከፊቱ ይቆማሉ። አንዷ የአንሶላውን የግራ ጫፍ፣ ሌላዋ የቀኙን ትይዛለች፤ ይወጥሩታል፣ ያነሱታል፣ ሮለሩ አፍ ላይ ያስተኙትና እኩል ይለቁታል። እኩል ካልለቀቁ አንሶላው ተጣሞ ይገባል፣ ይጨማደዳል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ተቆጣጣሪው ይመጣል። ተቆጣጣሪውን «ፊሽካ» ነው የምንለው። ማሽኑ ስለሚጮህ በአፉ አይናገርም፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ ነው የሚነፋብን። እትዬ ሰዓት፣ «ቤቱም ገብቶ ሚስቱን ምሳ አቅርቢ የሚላት በፊሽካ ነው» ትል ነበር።

እሷን «ሰዓት» ብለን ያወጣንላት እኛ ሴቶቹ ነን። ከእኔ አሥር ዓመት ትበልጣለች። አገሯ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእግር በሚመታ መኪና ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጣለች። ምት አይስታትም። አንሶላ ስታነሳ፣ ስታስተኛ፣ ስትለቅ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ልጅ ሆነን ገመድ ስንዘል እንኳ ገመዱ እግሬ ላይ ነበር የሚጠመጠመው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አብራኝ የምትቆም ጠፋች። አንዷ «ከዚህች ጋር ከምቆም ከግድግዳ ጋር ብቆም ይሻለኛል» አለች፣ እኔ እየሰማሁ። እትዬ ሰዓት ናት «ለእኔ ስጧት፤ እጇ ደህና ነው፣ ጊዜው ነው የጠፋባት» ብላ የወሰደችኝ።

ትንሿን ማጫወቻ የገዛኋት በዚያው ሰሞን ነው፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት መንገድ ዳር። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። መስታወቷ ስለተሰነጠቀ የዘፈኑን ስም ግማሹን ብቻ ነው የምታሳየው። ሻጩ «ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ ድምፁ ሙሉ ነው» አለኝ፤ አልዋሸም። ስልካችንን በር ላይ ተቀብለው ቁጥር ያለው ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል፤ ይህችን ግን ማንም ልብ አላላትም። ከደንብ ልብሴ ስር አንጠለጥላትና ሽቦዋን በሻሼ ውስጥ አሳልፌ አንድ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ስንቆም እትዬ ሰዓት ትክ ብላ አየችኝ። «ዛሬ አልዘገየሽም፣ ምን በልተሽ ነው?» አለች። ሻሼን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። «አንዱን ጆሮ ወዲህ በይ» አለችኝ።

ሽቦው አጭር ነበር። የማሽን ጥገና ሠራተኛው ሌላ ሽቦ ቀጥሎ አረዘመልን፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔና እሷ በአንድ ሽቦ ተያይዘን ነው የሠራነው። ሽቦው በጀርባችን ዞሮ አንሶላው ከሚቆለልበት ጠረጴዛ ስር ያልፋል፤ አንዱ ጫፍ በእሷ ግራ ጆሮ፣ አንዱ በእኔ ቀኝ ጆሮ። አንድ ዘፈን እየሰማን አንድ አንሶላ እናነሳለን። ከእኛ ማሽን የሚወጣው አንሶላ ከሁሉም በለጠ። ፊሽካ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሥራው ስለበዛለት ዓይኑን ጨፍኖ ይመስለኛል።

አንተ በሱቅህ እየጫንክ በሰው የምትልካቸው ዘፈኖች እዚህ ሌላ ሥራ ነበራቸው። የዕረፍት ቀናችን ላይ አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብለን፣ ጭንቅላታችንን አጋጥመን አዲሶቹን እንሰማለን፤ እሷ በጣቷ የአልጋውን ብረት እየመታች ትመድባቸዋለች። «ይኼ ለትራስ ልብስ ነው፣ ይቸኩላል። ይኼ ለትልቁ አንሶላ። ይኼ ደግሞ ለምንም አይሆንም፣ ሰውዬው ራሱ ሳይተኛ የዘፈነው ነው።» ስለ ፍቅር የሚያለቅሰውን ሁሉ ለፎጣ መደበችው። «ፎጣ እንባ ይጠጣል» አለች። ዘፋኞቹ ቢሰሙ ይከሱን ነበር።

ሁለት ደንብ ነበረን። አንደኛው፣ ዘፈን ሲያልቅ አንድ እስትንፋስ እናርፋለን። አንሶላውን አንለቀውም፤ ይዘን እንቆማለን፣ ቀጣዩ ዘፈን ሲጀምር እንቀጥላለን። እሷ ስታርፍ የያዘችውን እርጥብ ጫፍ እንዳያመልጣት ሁለት ጣቷ ላይ ጠምጠም ታደርገዋለች፤ ከስፌት የመጣ ልማዷ ነው። ሁለተኛው ደንብ፣ አዲስ ዘፈን አብረን ሳንሰማው ሥራ ላይ አይገባም፤ ማናችንም ብቻችንን ቀድመን አንሰማም። ይህን ያወጣችው እሷ ናት። «አንዷ እያወቀች ሌላዋ ካላወቀች ማሽኑ ፊት ሁለት ሰው አይደለንም» ነበር ያለችው።

ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ዘፈን የጫንክበትን የመጨረሻውን ሚሞሪ የላክህልኝ ጊዜ እትዬ ሰዓት ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ነበር። ዕረፍታችን ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሌሎቹ ሴቶች ገበያ ወጥተዋል። ሚሞሪውን ከፖስታው አወጣሁትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማጫወቻዋን ይዤ ልብስ የሚሰጣበት ጣራ ላይ ወጣሁ። ናፍቆት ነው ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር፤ ግን ናፍቆት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዘገየሽ»፣ «ቀደምሽ»፣ «አንቺ እኮ የምትሰሚው በተረከዝሽ ነው» ስባል ኖሬአለሁ። በክፋት አትለውም፤ እኔም እስቅ ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ እሷ እኔን አይታ «እንዴት አወቅሽው?» እንድትለኝ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አይደለም። እስከ ዛሬ ሌላ ምክንያት ስፈልግ አላገኘሁም።

አራተኛው ዘፈን ነው። መሃሉ ላይ ሲደርስ ከበሮውም ድምፁም በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ያለቀ ይመስላል። አራት እስክትቆጥር ዝም ይልና እንደገና ከዚያው ይነሳል። የመጀመሪያውን ጊዜ እኔንም አታለለኝ፤ ቀጣዩን ልጫን ጣቴን ሳነሳ ተመልሶ መጣ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ ዝምታው ውስጥ በእጄ የሌለ አንሶላ አንስቼ ለቀቅሁ፤ ልክ መጣልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑ ፊት ቆመን ሚሞሪው እንደመጣ ነገርኳት። ጉንጯ አብጧል፣ ጥጥ ነክሳለች። «ሰማሽው እንዴ?» አለች። «ያላንቺ?» አልኳት፣ የተቀየምኩ መስዬ። አየህ፣ አልሰማሁም እንኳ አላልኩም። እሷ ግን እንደ መልስ ቆጠረችው። እስከ ዕረፍታችን እንጠብቅ አለች። እኔ ለመንኳት፤ የድሮዎቹ ሰለቹኝ፣ አንቺንም ከሕመምሽ ያዘናጋሻል አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ፣ እንግዲያውስ ሁለታችንም ዕውር ሆነን እንሂድ። ቀስ ብለን፤ ካልሆነ እናጠፋዋለን» አለች።

ሦስቱን ዘፈኖች ያለ ችግር አለፍናቸው። ሰምታቸው አታውቅም፣ ግን ከእኔ ቀድማ ታገኛቸው ነበር። ያ ደግሞ አናደደኝ፤ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ስለተቀመጥኩ ነው ይህን የምጽፈው። አራተኛው ጀመረ። ዝምታው ጋ ደረስን። እሷ ዘፈኑ አልቋል አለች በልቧ፤ ደንቡን ጠበቀች፤ እጇን ገታች፣ ጫፉን ሁለት ጣቷ ላይ ጠመጠመች። እኔ አላለቀም ብዬ አስተኝቼ ለቀቅሁ። አንሶላው በእኔ በኩል ገባ። በገባበት ፍጥነት የእሷን ጫፍ ጎተተው። ከሮለሩ ፊት እጅ ሲነካው ማሽኑን የሚያቆም ዘንግ አለ፤ በጨርቅ ብናኝ ተለብጦ ስለነበር ቶሎ አልያዘም። ሲያቆም እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ውስጥ ነበር። ዘፈኑ በእኔ ጆሮ ተመልሶ ጀምሯል።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጥገና ሠራተኛው ሮጦ ሮለሩን በእጁ ወደ ኋላ ሲያዞረው እሷ ከማሽኑ ጎን ወደ መሬት ወረደች። እኔ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩባት። መጀመሪያ የነካሁት እጇን አይደለም። ሻሿን ነው። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣሁ፣ ሽቦውን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ፣ ከዚያ በኋላ ነው እጇን ያየሁት። ፊሽካ ሲደርስ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሌባ ጣቷና መሃል ጣቷ ከሁለተኛው አንጓ ተቆረጡ። መዳፏ ተቃጥሏል። ቢሮ ጠርተው ሲጠይቋት ስለ ማጫወቻዋ ትንፍሽ አላለችም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘገየሁ» ብላ በግራ እጇ ፈረመች። ወደ አገሯ እንድትመለስ ተወሰነ። ክፍላችን ስትመጣ ያዘነችልኝ እሷ ናት። «ብልህ ነሽ፣ ማዳመጫውን ቶሎ አነሳሽው፤ ባይሆን ሁለታችንም አብረን ነበር የምንባረረው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አብረን አንድ ክፍል ውስጥ ቆየን። ጸጉሯን አጥባታለሁ፣ ቁልፏን እቆልፍላታለሁ፣ ሥጋ እቆርጥላታለሁ። ምስጋናዋ አያልቅም ነበር። ምስጋናዋን ለመሸሽ ብዬ ሥራ ሳይኖረኝ ሥራ አለኝ ብዬ እወጣ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ስትሆን ትቀልዳለች፤ «ሰዓቷ ቆመች፣ ባትሪ ቀይሩላት» ትላቸዋለች፣ ይስቃሉ። ብቻችንን ስንሆን ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ማጫወቻዋን አንድ ቀን ሳቀርብላት «ወዲያ አድርጊልኝ» አለች። ለጣቶቿ አይደለም የምታለቅሰው። «ሃያ ዓመት በጆሮዬ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «ዘፈን ሲያልቅና ሳያልቅ መለየት ያቃተኝ ጊዜ በቃኝ ማለት ነው። ምናልባት ሳላውቀው እየደነቆርኩ ይሆናል።» ወደ ስፌቱም አትመለስም፤ መኪናውን ለእህቷ ልጅ እሰጣለሁ ብላ ነበር። ጣት ከጠፋ በሌላው ይለመዳል፣ ጆሮ ካልታመነ ግን ምን ይደረጋል አለች።

አንድ ቃል ብናገር ይህ ሁሉ ከላይዋ ይወርድ ነበር። አውቀዋለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ሲመሽ ነገ እላለሁ። እንደምትጠላኝ ስለማውቅ ነው። እዚህ ሌላ ሰው የለኝም። እሷ ራሷን ስትጥል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት፣ እሷን ከማጣ እሷ ራሷን ብታጣ ይሻላል ብዬ መርጫለሁ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ነው የኖርኩት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን አዘጋጀን። እኔ አጥፋለሁ፣ እሷ በግራ እጇ ትደረድራለች። «ያ ደብዳቤሽ የታለ? ከቀሚሶቹ መሃል ላድርገው፣ እንዳይጨማደድ» አለችኝ። ሰጠኋት፤ አስገባችው። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «ወንድምሽን ሳገኘው መጀመሪያ የምለውን አዘጋጅቻለሁ» አለች። «ዘፈኖችህ ጥሩ ነበሩ፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ እለዋለሁ።»

ያን ጊዜ ወጣኝ። ድፍረት አይደለም። አንተ ፊት ቆማ ይቅርታ ስትጠይቅህ በዓይኔ መጣብኝ። «አልዘገየሽም፣ እትዬ። ዘፈኑን ቀድሜ ሰምቼው ነበር» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ጣራውን ነገርኳት፤ ጥርሷን የተነቀለችበትን ቀን ነገርኳት፤ ዝምታው የት እንዳለ አውቅ እንደነበር ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ማጫወቻዋን አምጪ» አለች።

አንዱን ማዳመጫ ራሷ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሌላው ደረቷ ላይ ተንጠለጠለ፣ ለእኔ አልሰጠችኝም። ያንን ዘፈን ጫንኩላት። በግራ እጇ የሻንጣውን ክዳን መምታት ጀመረች። እኔ ዘፈኑን አልሰማም፣ እጇን ብቻ ነው የማየው፤ ግን የት እንደደረሰ ከእጇ አውቃለሁ። ዝምታው ጋ ሲደርስ እጇ ከክዳኑ ላይ ተነሳና አየር ላይ ቆመ። አንድ እስትንፋስ ሙሉ ቆመ። ልክ ደንቡ እንደሚለው። ከዚያ ዘፈኑ እንደተመለሰ ከዓይኗ አየሁ፤ እጇ ግን ተመልሶ አልወረደም። ማዳመጫውን አወጣችው።

«ልክ ነበርኩ» አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረችው። ጀርባዋ ቀና አለ። ሦስት ሳምንት ጠፍታ የነበረችው ሴት አጠገቤ ተመልሳ ቁጭ ስትል አየኋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስንት ጊዜ ሰማሽው?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አልኳት። «ማዳመጫውን ከጆሮዬ ያወጣሽውስ ለሁለታችን ነበር ወይስ ለራስሽ?» አለችኝ። አራት ተቆጥሮ ካለቀም በኋላ ዝም አልኩ። እሷም መልሴን አገኘች።

ቀሚሶቹን ገለጥ አድርጋ ደብዳቤውን አወጣች። አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። «ፖስታ ቤት አለ» አለች። አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። ማክሰኞ ጠዋት ልብሷን ስትለብስ ቁልፉን በግራ እጇ ብዙ ታገለችው። ስጠጋት «ተዪው» አለችና ወዲያኛው አልጋ ያለችውን ልጅ ጠርታ አስቆለፈች። ሹፌሩ ሲመጣ ሴቶቹን አንድ በአንድ ስማ ወጣች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አልፋኝ ሄደች። ለማንም የነገረች አይመስለኝም። ሴቶቹ ግን ዓይን አላቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስገባ ወሬ ይቀንሳል።

አሁን አብራኝ የምትቆመው አዲስ ገቢ ናት። እንደ ድሮዬ እዘገያለሁ፤ በከንፈሬ እቆጥራለሁ፣ እሱም አይረዳኝም። ትናንት ፊሽካ ሦስት ጊዜ ነፋብኝ፤ የሚቀጥለው ወር ወደ ፎጣ ማጠፊያው አዘዋውርሻለሁ ብሏል። እዚያ መስኮት የለም፣ እያንዳንዷም ለብቻዋ ነው የምትቆመው። አልከፋኝም። ውሌ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወር አለው። እስከዚያ እንዴት እንደማልፈው አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። ጠዋት እነሳለሁ፣ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ማጫወቻዋን ሻንጣዬ ስር ከትቻታለሁ፤ ቻርጅ አላደረግኋትም። ከእንግዲህ ዘፈን አትላክልኝ። የሚመጣ ሰው አግኝተህ «ምን ልላክልሽ?» ብለህ እንዳትደውልልኝም።

አንተ ዘፈኑን የላክሁት እኔ ነኝ ብለህ ራስህን እንዳትበላ። ዘፈኑ ምንም አላጠፋም፤ አንተም ምንም አላጠፋህም። ለሌላውም ሰው እንደ ወትሮህ ጫንለት፤ ጥሩ ዘፈን ነው። እሷ ሱቅህን ታውቀዋለች፤ ስለ አንተ ስነግራት ስለኖርኩ በሳልህ ትለይሃለች። ምናልባት አንድ ቀን ትመጣ ይሆናል። ከመጣች ወንበር አቅርብላት፣ ተራ አታስጠብቃት፣ እጇን ትኩር ብለህ አትይ። የጠየቀችህን ሁሉ ጫንላት፤ ያንኑ ዘፈን ብትጠይቅህም ጫንላት። ስሜን ካላነሳች አታንሳ። ይቅርታም አትጠይቅልኝ፤ እሱን በሰው የምልከው አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አይተህ ጻፍልኝ፤ የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ልጅ ሰጥታው እንደሆነ ወይም እሷው ዘንድ እንዳለ። በመንገድህ አልፈህ ድምፁን ብትሰማው ይበቃል።

ለእማዬ ይህን ወረቀት አታንብብላት። ብዙ ሥራ ስላለባት አጭር ነው የጻፈችው ብለህ ሁለት መስመር ከራስህ ጨምርላት፤ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ ማሸት እንዳትተው ብላለች በልልኝ። ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ነው፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዝሟል። ልጅቷን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ብትነክስህም ሳምልኝ። ለአክስታችን፣ ዓይኗ ከተሠራ ወዲህ ሰው መለየት መጀመሯን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እኔንም የምትለየኝ ቀን ያድርሰን በላት። ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው፣ የሠራልኝ ጫማ እስካሁን አለ፣ ሶሉ ብቻ ነው የተቀየረው በለው። ለሁሉም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእትዬ ሰዓት ግን ሰላምታ አልላክሁም፤ በመንገድ ብታገኛትም ልካልሻለች እንዳትላት።

እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው ግቢ፣ ከሴቶቹ መኝታ ክፍል
ሐምሌ ፲፩ ቀን